ፓይኩን እንብላ፣ መስኪውን እንመልስ
በሴንት ፖል ከተማ በተደረገ የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆችም ጭምር፤ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ፣ ከሥራ መልስ ቤታችሁ ሳትገቡ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ዓሣ ማጥመድ ተናገርልን» ሲሉኝ ርዕሱን ሰፋ አድርገው ነበር የሰጡኝ፤ እኔ ግን በሁለት ዓሦች ብቻ እንድወስነው ለምኜ ፈቅደውልኛል። ሁለቱም በምንኖርበት በሚኒሶታ ሐይቆች ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ረዣዥሞች፣ ጥርሳሞችና አድብተው የሚያድኑ ናቸው። አንደኛው ፓይክ ይባላል፣ ሌላው መስኪ።

ለምን በሁለቱ ብቻ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየሐይቁ ዳርቻ ዘንግ ይዞ የሚቆም ወገናችን እየበዛ መጥቷል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እኛ ያደግነው የተያዘ ዓሣ ወደ ምጣድ በሚሄድበት አገር ነው። ይህ ልማድ ለፓይክ ሲሆን ትክክል ነው፤ እንዲያውም መጠኑን ለይተን ከያዝን ሐይቁን እንጠቅመዋለን። ለመስኪ ሲሆን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የብዙ ዓመት ሥራ ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬው ልመናዬ አንድ ነው፦ ፓይኩን እንብላ፣ መስኪውን እንመልስ። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ዓሦቹን እንለያቸዋለን፤ ቀጥሎ እንዴት እንደሚፈለጉ አነሣለሁ፤ በሦስተኛ ደረጃ ስለ አመላለሱ እናገራለሁ። በሦስተኛው ላይ ብቆይባችሁ አትቆጡኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር። ፓይክ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ገላው ላይ ፈዘዝ ያሉ ሞላላ ነጠብጣቦች አሉት። መስኪ ተቃራኒው ነው፤ ገላው ፈዛዛ ሆኖ ምልክቶቹ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ምልክት የሚባል ነገር የማይታይበትም አለ። የመስኪ ጅራት ጫፎቹ ሹል ናቸው፤ የፓይክ ጅራት ክብ ጫፍ አለው። ሲመሻሽ ቀለም ያታልላልና ጥርጣሬ ከገባችሁ ዓሣው መረብ ውስጥ እንዳለ ከታችኛው መንጋጋው ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ቁጠሩ። በአንዱ ወገን 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ፓይክ ነው፤ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ መስኪ ነው። ይህ ቆጠራ ከሕግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አደራ አትናቁት። ፓይክ መስሎት መስኪ ወደ ቤት የወሰደ ሰው «አላወቅሁም» ቢል ማንም አይሰማውም።

ከሁለቱ የሚወለድ ታይገር መስኪ የሚባል ድቅልም አለ። ጎኑ ላይ ቁልጭ ያሉ ሽንትሮች አሉት፤ እንደ በቅሎ መካን ነው፤ አይራባም።

ፓይክ ዓለምን የዞረ ዓሣ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በአውሮፓም በእስያም በሰሜን አሜሪካም ይገኛል፤ ስዊድን ወይም ፊንላንድ ዘመድ ያላችሁ ብትጠይቁ እዚያ ያለውም ይኸው ፓይክ እንደሆነ ይነግሯችኋል። እስከ ዛሬ በዓለም አቀፍ መዝገብ የሰፈረው ትልቁ ፓይክ በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በጀርመን የተያዘ 55 ፓውንድ ከ1 አውንስ የመዘነ ዓሣ ነው። መስኪ ግን የዚህ አህጉር ብቻ ነው። ታላላቆቹ ሐይቆች፣ የሴንት ሎረንስ ወንዝ፣ የሚሲሲፒ የላይኛው ክፍልና የኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ናቸው አገሩ። ጎረቤታችን ዊስኮንሲን በ1955 የግዛቷ ዓሣ አድርጋ መርጣዋለች፤ ሄይዋርድ በተባለች ከተማዋም በመስኪ አምሳል የተሠራ፣ ሰው መንጋጋው ውስጥ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሕንፃ አለ። ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፤ ይወዱታል።

ሁለቱ ዘመዳሞች ግን አይዋደዱም። ፓይክ በረዶው እንደቀለጠ፣ ውኃው ገና ሲቀዘቅዝ ጥልቀት በሌለው ሣራም ዳርቻ እንቁላሉን ይጥላል። መስኪ ውኃው ሞቅ እስኪል ይጠብቃልና ከሳምንታት በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። የመስኪ ጫጩቶች ከእንቁላል ሲወጡ ቀድመው ያደጉት የፓይክ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋቸዋል። ጥቃቅን ፓይክ በሞላበት ሐይቅ መስኪ ዘሩን መተካት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ በሉልኝ፤ «ፓይኩን እንብላ» ያልኩት ለሆዳችን ብቻ አስቤ አይደለም።

አሁን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ስማቸውን የማልጠራቸው አንድ አባት፣ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ፣ አንድ በጋ አብረውኝ በሰሜን ሚኒሶታ ወዳለው ሊች ሌክ ወደሚባል ሐይቅ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ስንወረውር ውለን፣ ትከሻችን ዝሎ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት ትልቅ መስኪ ያዝን፤ ለካን፣ ፎቶግራፍ አነሣን፣ መለስናት። እሳቸው ውኃውን አንዴ፣ እኔን አንዴ እያዩ ቆይተው «ልጄ፣ የማንበላው ከሆነ ታዲያ ምን አደከመን?» አሉኝ። መልካም ጥያቄ ነው። ከናንተም ብዙዎቻችሁ ይህንኑ እያሰባችሁ እንደሆነ ከፊታችሁ አነባለሁ።

መልሱ ያለው በዓሣዋ ዕድሜ ውስጥ ነው። 50 ኢንች የሞላት መስኪ ብዙውን ጊዜ ከ12 ዓመት በላይ ኖራለች። «ኖራለች» የምለው ያን ያህል የሚያድጉት ሴቶቹ ስለሆኑ ነው፤ ወንዱ እዚያ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። 30 ዓመት ገደማ የምትኖርም አለች። ቁጥራቸውም ትንሽ ነው፤ ጥሩ በሚባል የመስኪ ሐይቅ ውስጥ እንኳ ለአንድ ሄክታር ውኃ አንድ የደረሰ ዓሣ ላይደርሰው ይችላል። እንግዲህ አስቡት። በጥቂት ደቂቃ የምናወጣት ዓሣ፣ እኛ ወደዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ስትዋኝ የነበረች ልትሆን ትችላለች። እሷን አንድ ጊዜ ከበላናት ምትክዋን ለማየት ሌላ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ዓመት መጠበቅ አለብን፤ ከመለስናት ግን የሚቀጥለው ሰው፣ የሚቀጥለው ልጅ፣ ምናልባትም እኛው ራሳችን ደግመን እንገናኛታለን። ይህን ሁሉ ለእኚያ አባት ነገርኋቸው። መልሴ እስከ ዛሬ አላረካቸውም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ጁን ሲቃረብ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብለው ቀድመው የሚደውሉት እሳቸው ናቸው።

ይህ የመመለስ ልማድ ዱሮ አልነበረም። በጁላይ 1955 በዚያው በሊች ሌክ፣ ሙቀትና ፀጥታ በበዛበት ሰሞን፣ መስኪዎቹ ከወትሮው ውጪ መብላት ጀመሩና ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ እጅግ ብዙ አወጡ። ዓሦቹ በተርታ ተሰቅለው የሚታዩባቸው የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። በዘመኑ ጀግንነት ነበር፤ ዛሬ ያየ ሁሉ ያዝናል። በ1966 እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ መስኪስ ኢንኮርፖሬትድ የሚባል የአጥማጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ የያዙትን መስኪ በሕይወት የመመለስን ልማድ ካስፋፉት ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ቀድሞ ሲያራባው የነበረውን ትንሽ የሚቀር ዝርያ ትቶ፣ የሊች ሌክን ትልቅ የሚያድግ ዝርያ በየሐይቁ መጨመር ጀመረ። ሚል ላክስ የሚባለው ሐይቅ ዛሬ በመስኪ ዝነኛ የሆነው፣ ከከተማችን በስተምዕራብ ባለው በሚኒቶንካ ሐይቅ ከሰው ቤት ደጃፍ ሥር ትልልቅ መስኪ የሚዋኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ተፈጥሮ ብቻዋን አላመጣችውም፤ የእኛም የማጥመጃ ፈቃድ ክፍያ አለበት።

ሕጉም ይህንኑ ተከትሏል። ከ2015 ጀምሮ በአብዛኛው የግዛቱ ውኃ አንድ መስኪ ለመውሰድ ቢያንስ 54 ኢንች መሙላት አለባት። 54 ኢንች ማለት አንድ ሜትር ከ37 ሴንቲሜትር ነው፤ ከዚህ በታች ያለችውን መመለስ ውዴታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እንዴት ነው የምንፈልጋቸው? ፓይክ አያስቸግርም። በግንቦት ወቅቱ ሲከፈት ሣራም በሆኑ ጥልቀት የሌላቸው የሐይቅ ጥጎች ፈልጉት፣ በጋው ሲበረታ ደግሞ ትልልቆቹ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ስለሚወርዱ እዚያው ተከትሏቸው። በክረምትም በበረዶው ቀዳዳ ይያዛል። መስኪ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። አጥማጆች «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል፤ ቁጥሩ ጨዋታ ነው፣ ድካሙ ግን እውነት ነው።

ዕቃው ጠንካራ መሆን አለበት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ጫማ የሚረዝም ወፍራም ዘንግ፣ 80 ወይም 100 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ከማባበያው፣ ማለትም ዓሣውን ከሚያታልለው ሰው ሠራሽ ምግብ በፊት ደግሞ ጥርሱ የማይበጥሰው የብረት ሽቦ ያስፈልጋል። አንዳንድ ወጣቶች ለትንንሽ ዓሣ በተሠራ ቀጭን ክር ትልቅ መስኪ መግጠምን እንደ ጉብዝና ያዩታል። እኔ አልስማማም። ቀጭን ክር ትግሉን ያራዝማል፤ ትግሉ በረዘመ ቁጥር ዓሣዋ ትደክማለች፤ እጅግ የደከመች ዓሣ ተመልሳ ብትዋኝም ሰው ከሄደ በኋላ ልትሞት ትችላለች። ጠንካራ ዕቃ ለእኛ ምቾት ሳይሆን ለእሷ ሕይወት ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሣሩ መስክ አልቆ ጥልቁ የሚጀምርበትን ጠርዝ፣ ከውኃ በታች ያሉ የድንጋይ ክምሮችን፣ ነፋስ የሚመታውን ዳርቻ ፈልጉ። ሰዓቱ ማለዳና ምሽት፣ በተለይም አየሩ ሊለወጥ ደመና ሲሰበሰብ ነው። ስለ ጨረቃ መውጫና መጥለቂያ ብዙ ይወራል፤ የሚምሉበት አሉ፣ የሚስቁበት አሉ፤ እኔ ከሚያዳምጡት ነኝ። በጋ ላይ ከፊቱ የሚሽከረከሩ ሰፋፊ የብረት ቅጠሎች ያሉትን ባክቴይል የሚባል ማባበያ በፍጥነት መሳብ ይሠራል፤ ቅጠል ሲረግፍ ደግሞ ትልልቅ የጎማ ዓሣዎችን በዝግታ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን በደንብ ስሙኝ። መስኪ ማባበያውን ሳትነክስ እስከ ጀልባው ድረስ ተከትላ የምትመጣ ዓሣ ናት። ቀስ ብላ፣ አፍንጫዋን ከማባበያው ጀርባ አድርጋ፣ ጥላ መስላ ትመጣለች። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ይጮኻል! ማባበያውንም ከውኃ ያወጣዋል። ዓሣዋም ትሄዳለች። ልምድ ያለው ሰው ግን ምንም ቢያይ ባያይ፣ በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ ላይ የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ከትቶ፣ ከማባበያው በፊት ትንሽ ክር ብቻ አስቀርቶ፣ ስምንት ቁጥርን በሰፊው ይጽፋል። መታጠፊያው ሰፊ መሆን አለበት፤ ከአንድ ሜትር በላይ የምትረዝም ዓሣ በጠባብ መዞር አትችልም። መታጠፊያው ላይ ማባበያውን ጠለቅ፣ ከመታጠፊያው ሲወጣ ከፍና ፈጠን ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ የምትነክሰው እዚያ ላይ ነው፤ ከእግራችሁ ሥር፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ። ለዚህ ነው ትልቅ መስኪ ከሩቅ ወርዋሪው ይልቅ ስምንቱን ሳይሰለች ለሚጽፈው ሰው ትደርሳለች የምለው። ሲደክማችሁም ጻፉ፤ ምንም ሳታዩም ጻፉ፤ ጨለማ ሲሆን በተለይ ጻፉ፤ በጨለማ ስትከተል አታዩአትምና።

አሁን ወደ ሦስተኛው ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ነው ልመናዬ።

ከቤት ስትወጡ የመመለሻው ዕቃ ከማጥመጃው ዕቃ ቀድሞ ጀልባው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ጥልቅ የሆነ፣ ክሩ በጎማ የተለበጠና ቋጠሮ የሌለው ትልቅ መረብ፤ ረጅም አፍ ያለው ጉጠት፤ የመንጠቆ ብረት የሚቆርጥ ጠንካራ መቁረጫ፤ አፍ መክፈቻና መለኪያ ሰሌዳ። እነዚህ የሌሉት ሰው፣ ወንድሜም ቢሆን፣ መስኪ ለማጥመድ ባይሄድ እመርጣለሁ።

ዓሣዋ መረብ ውስጥ ስትገባ ወደ ጀልባው አትጎትቷት። መረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይቆይ፤ እሷም እዚያው ትተንፍስ። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆው በቀላሉ ከወጣ መልካም፤ ካልወጣ አትታገሉ፣ ቁረጡት። የመንጠቆ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ተዘጋጅቶ፣ ካሜራው በርቶ፣ መለኪያው ረጥቦ ሲቀመጥ ብቻ አንሷት። በስንጥቧ አንጠልጥላችሁ ቁልቁል አትስቀሏት፤ የራሷ ክብደት ውስጧን ይጎዳዋል። አንድ እጅ ከመንጋጋዋ ሥር፣ አንድ እጅ ከሆዷ ሥር አድርጋችሁ አግድም ያዟት። ከውኃ ውጪ የምትቆየው ትንፋሻችሁን ይዛችሁ መቆየት የምትችሉትን ያህል ብቻ ይሁን። ከዚያ ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ ከጅራቷ ሥር ያዙና ቀጥ ብላ እንድትቆም ደግፏት፤ ጉልበቷ ሲመለስ ራሷ ታስለቅቃችኋለች።

ሙቀትንም እንዳትረሱ። የውኃው ሙቀት 80 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 27 ሴልሺየስ ሲደርስ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚቀንስና የዓሣዋም ድካም ስለሚበዛ፣ በትክክል የተመለሰች እንኳ ልትሞት ትችላለች። በዚያ ሰሞን ሌላ ዓሣ አጥምዱ።

በኖቬምበር 2021 በሚል ላክስ የተያዘችው መስኪ ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። 57 ኢንች ከሦስት ሩብ ሆና፣ ከ55 ፓውንድ በላይ መዝና፣ ከ1957 ጀምሮ የቆየውን የ54 ፓውንድ የሚኒሶታ ክብረ ወሰን ሰበረች። አጥማጆቹ ሊመልሷት ነበር ሐሳባቸው፤ ለረጅም ጊዜ ደግፈው ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ ሕጉ የሚፈቅደው መጠን ስለነበረች ይዘዋት ሄዱ። ሁሉን አውቀው የሚሠሩት እንኳ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። ታዲያ ጉጠት ሳንይዝ የምንሄደው እኛ እንዴት ይሳካልናል?

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውኛል። እስቲ ወደ አገራችን ልውሰዳችሁ። ጣና ላይ ከሌላ ዓለም የማይገኙ፣ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚያድጉ ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ሲያዙ ቁጥራቸው እጅግ መቀነሱን የባሕር ዳር ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ቀስ ብሎ የሚያድግ አዳኝ ዓሣ ጣናም ላይ ይኑር ሚኒሶታ፣ ሲያልቅ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ልዩነቱ ጣና ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ የሚያጠምደው ለልጆቹ ዳቦ ነው፤ እሱን ልወቅስ አልደፍርም። እኛ ግን ወደ ሐይቁ የምንሄደው በእሑድ ዕረፍታችን ነው።

የሚበላውን ደግሞ አልከለከልኋችሁም! ከ2018 ጀምሮ ሚኒሶታ ለፓይክ በሦስት ቀጠና ተከፍላለች። ትንንሽ ፓይክ በበዛበት በሰሜን መካከለኛው ቀጠና አንድ ሰው እስከ 10 መያዝ ይፈቀድለታል፤ ከ22 እስከ 26 ኢንች ያሉት ሁሉ ግን ይመለሳሉ፣ ከ26 በላይ ከሆኑትም ከ2 በላይ አይወሰድም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትንንሾቹን ብሉልን፣ መካከለኞቹ ግን አድገው ትንንሾቹን ራሳቸው ይብሏቸው። በደቡብና በሰሜን ምሥራቅ ሕጉ ይለያል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን መመሪያ አንብቡ።

ፓይክን «አጥንት ይበዛዋል» ብለው የሚጥሉት አሉ። ሥጋው ውስጥ ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ ቀጫጭን አጥንቶች በተርታ መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ተርታውን ተከትሎ በስል ቢላዋ አንድ ላይ ማውጣት የአንድ ከሰዓት ልምምድ ነው። ከዚያ በኋላ ሥጋው ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ሽታ የሌለው ነው፤ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ለዓሣ ዱለት ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። እናቶች ግን አንድ ነገር እወቁልኝ፦ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች በዕድሜያቸው ሜርኩሪ ያከማቻሉ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ትንንሹን ፓይክ፣ እሱንም የጤና መምሪያው በሚመክረው መጠን ብቻ ስጡ። ትልቁን ለመመለስ ይህም ሌላ ምክንያት ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው። የመስኪ ወቅት የሚከፈተው በጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያውጣ፤ ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ከሐይቅ ስትወጡ የጀልባውን የውኃ መፍሰሻ ቡሽ ነቅላችሁ አፍስሱ፣ የተጠመጠመ ሣርም አራግፉ፤ ዜብራ መስል የሚባለው መጤ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው፤ ሕጉም ያስገድዳል።

መረቡን፣ ጉጠቱንና መቁረጫውን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከሻዩ በኋላ መጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት፣ ስምንቱንም በዘንግ እንለማመዳለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ጋሼ፣ የእርስዎን ግን አውቀዋለሁ።